በፈላ ውሃ ውስጥ የነጣው ቱቦ፦ ከባቢው የነካው ኢንዛይሙን ነው ወይስ መለኪያችንን?

የአዘዞ መምህር
ታኅሣሥ 3፣ ከምሽቱ 2፡10

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ በጎንደር ከተማ በአዘዞ አካባቢ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የሙቀት መጠንና የፒኤች (የአሲድነት ደረጃ) ለውጥ የኢንዛይምን (በሰውነት ውስጥ ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥነውን ፕሮቲን) ሥራ እንዴት እንደሚለውጥ ለማሳየት ከትናንት በስቲያ ከተማሪዎቼ ጋር የሠራነው ሙከራ መጽሐፉ ከሚለው ጋር ፈጽሞ የሚቃረን ውጤት ስለሰጠኝ፣ በጉዳዩ የምትበልጡኝ እንድታርሙኝ የሆነውን እንደነበረ አቀርባለሁ።

አንድ ግራም ስታርች በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ አፍልተን አቀዘቀዝን። አፋቸውን በንጹሕ ውሃ የተጉመጠመጡ ሦስት ተማሪዎች የሰጡትን ምራቅ በእኩል መጠን ውሃ አቀጠንነው። ስታርቹን በስድስት የመሞከሪያ ቱቦዎች ከፋፍለን በእያንዳንዱ ላይ ሦስት ጠብታ አዮዲን ስንጨምር ሁሉም ጥቁር ወደሚመስል ሰማያዊ ተለወጡ። ከዚያም ምራቁን እያከልን ሰማያዊው ቀለም እስኪጠፋ የሚፈጀውን ጊዜ መቁጠር ጀመርን፤ በምራቅ ውስጥ ያለው አሚሌዝ የተባለው ኢንዛይም ስታርቹን ሲሰባብረው ቀለሙ ይጠፋል ብለን ነው።

የመጀመሪያው ቱቦ ከጭማቂ ቤት በገዛነው በረዶ ውስጥ ተቀምጦ 20 ደቂቃ ሙሉ ሰማያዊ እንደሆነ ቆየ። ሁለተኛው በክፍሉ ሙቀት በ11 ደቂቃ፣ ሦስተኛው ለብ ባለ ውሃ ውስጥ በ4 ደቂቃ ነጡ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም እንደጠበቅሁት ነበር። አራተኛው ግን በሚፈላ ውሃ ውስጥ በገባ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ሰማያዊነቱ ጠፋ። የሎሚ ጭማቂ የጨመርንበት አምስተኛው ቱቦ ምራቁ ገና ሳይገባበት መንጣት ጀመረ፤ ኮስቲክ ሶዳ ያገኘው ስድስተኛውም ወዲያውኑ እንደ ውሃ ጠራ።

ተማሪዎቹ በደብተራቸው ላይ አሚሌዝ ከሁሉ ይልቅ የሚስማማው የፈላ ውሃ እንደሆነ ጻፉ፤ ያዩትን ስለጻፉ ልቆጣቸው አልችልም። አንዲት ተማሪ ግን እጇን አንሥታ፣ «በፈላ ውሃ ውስጥ ከሠራ፣ መጽሐፉ ለምን ሙቀት ኢንዛይምን ያበላሻል ይላል?» ብላ ጠየቀችኝና በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እንደምመልስላት ነግሬ ተለያየን። ያ ክፍለ ጊዜ ከነገ ወዲያ ነው። ስህተቱ የት ነው ትላላችሁ?

የቀሃ ዳር
ታኅሣሥ 3፣ ከምሽቱ 3፡45

ጤና ይስጥልኝ መምህር። ኬሚስት ነኝ፤ እንዲህ ያለውን ሙከራ እኔም በተማሪነቴ አበላሽቼው ስለማውቅ ጥያቄዎ በጣም ገብቶኛል። አስቀድሜ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ አራተኛው ቱቦ ከውሃው ወጥቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ተመልክታችሁት ነበር?

ይህን የምጠይቀው ሰማያዊው ቀለም የስታርች ብቻ ወይም የአዮዲን ብቻ ስላልሆነ ነው። በስታርች ውስጥ አሚሎዝ የሚባለው ረጅም ሰንሰለት እንደ ሽቦ ሞላ የተጠቀለለ ሲሆን፣ አዮዲኑ በጥቅሉ ውስጥ ገብቶ ሲደረደር ነው ሰማያዊው የሚታየው። ቱቦው በጣም ሲሞቅ ጥቅሉ ይላላል፣ አዮዲኑም ከውስጡ ይወጣል፤ ስለዚህ ስታርቹ አንድም ቦታ ሳይቆረጥ ቀለሙ ይጠፋል። ሲቀዘቅዝ ጥቅሉ ይመለሳል፣ ቀለሙም አብሮት ይመለሳል። ለማረጋገጥ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግዎትም፤ ምራቅ ያልነካው ስታርችና አዮዲን በአንድ ቱቦ አድርገው ከሌሎቹ ጋር ወደ ፈላው ውሃ ያስገቡት። እሱም ከነጣ፣ የነጣው በኢንዛይም አይደለም ማለት ነው። ምራቅ ያልገባበት ማነጻጸሪያ ቱቦ ከመጀመሪያውም ቢኖር ኖሮ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይደርሱበት ነበር።

ነጭ ጋዋን
ታኅሣሥ 4፣ ከጠዋቱ 1፡20

የቀሃ ዳር በጻፉት እስማማለሁ፤ የጤና ላቦራቶሪ ባለሙያ እንደመሆኔ ግን ዓይኔ ያረፈው በአምስተኛውና በስድስተኛው ቱቦ ላይ ነው፤ እነሱም በየራሳቸው ምክንያት ያሳሳቱ ይመስለኛል።

ሎሚ አሲድ ብቻ አይደለም፤ ቫይታሚን ሲ አለው። ቫይታሚን ሲ አዮዲንን ወደ አዮዳይድ ይለውጠዋል፤ አዮዳይድ ብቻውን ደግሞ ከስታርች ጋር ሰማያዊ ቀለም አይሰጥም። ምራቁ ሳይገባ ቱቦው መንጣት የጀመረው ለዚህ ነው። በዚያው ቱቦ ላይ አዮዲን መጨመርዎን ቢቀጥሉ ቫይታሚን ሲው ያልቅና ሰማያዊው ተመልሶ ይቆማል። ኮስቲክ ሶዳውም እንደዚሁ አዮዲኑን ራሱን ወደ ሌሎች ውህዶች ይቀይረዋል፤ በአቼቶ ወደ አሲድነት ሲመልሱት አዮዲኑ እንደገና ይወጣል፣ ስታርቹም እንዳለ ከሆነ ሰማያዊው ይታያል። ኮስቲክ ሶዳ ቆዳና ዓይን ስለሚያቃጥል ይህን ክፍል እርስዎ ብቻ ቢሠሩት ይሻላል።

ይህ ጉዳይ ለእኔ ከክፍል ሙከራ ያለፈ ነው። ሥራ በጀመርሁበት ዓመት በአንድ ጤና ተቋም ውስጥ ሳለሁ የአንዲት ታካሚ ናሙና አልካላይን ፎስፋቴዝ የተባለውን ኢንዛይም በጣም ዝቅ አድርጎ አሳየኝ። ማሽኑ ጤነኛ ነበር፤ የጥራት መቆጣጠሪያው ናሙናም ትክክለኛውን ቁጥር ሰጥቷል። ውጤቱን ልፈርም ብዕሬን አንሥቼ ሳለ ካልሲየሟን አየሁት፤ በሕይወት ባለ ሰው ላይ ሊገኝ የማይችል ዝቅተኛ ቁጥር ነበር፤ ፖታሲየሟ ደግሞ ከልክ በላይ ከፍ ብሏል። ሦስቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ሳያቸው ነገሩ ተገለጠልኝ፦ ደሙ መጀመሪያ ክዳኑ ወይን ጠጅ በሆነው ቱቦ ተቀድቶ ኋላ ወደ ሌላው ተገልብጧል። በዚያ ቱቦ ውስጥ ያለው ኢዲቲኤ የፖታሲየም ጨው ሲሆን ካልሲየምን፣ ማግኒዥየምንና ዚንክን አጥብቆ ይይዛል፤ አልካላይን ፎስፋቴዝ ደግሞ ያለ ዚንክና ማግኒዥየም አይሠራም። ኢንዛይሙ በሴትዮዋ ደም ውስጥ በበቂ መጠን ነበረ፤ የሚሠራበትን ብረት የነጠቀው ቱቦው ነው። በአዲስ ናሙና ስንደግመው ሁሉም ወደ ቦታው ተመለሰ።

ስለዚህ ከባቢ ስንል ሙቀትንና ፒኤችን ብቻ ቆጥረን እንዳንቆም እለምናለሁ። የምራቅ አሚሌዝም ክሎራይድ ይፈልጋል፤ ምራቁን ሲያቀጥኑት ጥቂት የገበታ ጨው ቢጨምሩበት ሥራው ሲፈጥን ይመለከታሉ።

የአዘዞ መምህር
ታኅሣሥ 5፣ ከቀኑ 10፡30

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቱቦዎቹን በዕለቱ አጥበናቸው ስለነበር ዛሬ በምሳ ሰዓት ከሁለት ተማሪዎች ጋር እንደገና ሠራናቸው።

ምራቅ የሌለበትን ቱቦ በፈላው ውሃ ውስጥ ስናስገባው እንደ መጀመሪያው ነጣ። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ግማሽ ድረስ ነከርነው፤ ሰማያዊው ከታች፣ ውሃው ከነካው ክፍል ጀምሮ እንደ ቀለም ጠብታ እየተሰራጨ ወደ ላይ ወጣ፤ ከውሃው በላይ ያለው ክፍል ገና ነጭ እንደሆነ ነበር። ጥያቄውን የጠየቀችው ተማሪ ቱቦውን ከእጄ ተቀብላ ራሷ ሦስት ጊዜ ስታስገባና ስታወጣ ቆየች። በሦስተኛው ጊዜ ቀለሙ ትንሽ ደብዘዝ ብሎ ነበር የተመለሰው።

በሎሚው ቱቦ ላይ አዮዲን እያንጠባጠብን ስንቆጥር እስከ ዘጠነኛው ጠብታ ድረስ ቀለሙ እየታየ ጠፋ፤ ከአሥረኛው በኋላ ጸና። የኮስቲክ ሶዳውን እኔ ብቻዬን ሠራሁት፤ አቼቶው ሲበዛበት ሰማያዊው ተመለሰ። ሦስት ቱቦዎች በሦስት የተለያዩ ምክንያቶች ነጥተው ነበር፤ የአንዳቸውም መንጣት የኢንዛይሙ ሥራ አልነበረም። ይህን ለ15 ዓመታት ሳስተምር አለማየቴ ቆጭቶኛል።

የቀሃ ዳር
ታኅሣሥ 5፣ ከምሽቱ 1፡05

በሦስተኛው ጊዜ የደበዘዘው ሲሞቅ አዮዲኑ በከፊል ተንኖ ስለሚወጣ ነው፤ አንድ ጠብታ ቢጨመርበት ይስተካከላል። ልጅቷ ያንን ማስተዋሏ እጅግ ደስ ያሰኛል።

ለሚቀጥለው ጊዜ አዮዲኑን ከኢንዛይሙ ጋር በአንድ ቱቦ አያድርጉት፤ አዮዲን ራሱ የአሚሌዝን ሥራ ያውካል። በነጭ ሳህን ላይ የአዮዲን ጠብታዎችን በተርታ ያስቀምጡና፣ በየደቂቃው ከቱቦው አንድ ጠብታ እየቀዱ በላያቸው ያንጠባጥቡ። ጠብታው በሳህኑ ላይ ስለሚቀዘቅዝ የሙቀቱ ችግር ይወገዳል፤ ከዚህም በላይ ቀለሙ ከሰማያዊ ወደ ቀይ ቡናማ፣ ከዚያም ወደ አዮዲኑ ቢጫ ሲሄድ በተርታ ስለሚታይ፣ ስታርቹ ደረጃ በደረጃ እያጠረ መሄዱን ልጆቹ በዓይናቸው ያነብቡታል። ለአሲዱም በሎሚ ፈንታ አቼቶ ይጠቀሙ።

የደባርቅ ልጅ
ታኅሣሥ 6፣ ከጠዋቱ 3፡00

ውይይቱን ከመጀመሪያው ጀምሮ በጽሞና እየተከታተልሁ ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ፦ በበረዶው ውስጥ ያለው ኢንዛይምና በፈላው ውሃ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ሁለቱም ካልሠሩ፣ ሁለቱም ሞተዋል ማለት ነው? መምህራችን በክፍል ውስጥ «በሙቀት ይሞታል፣ በብርድ ይተኛል» ብለውናል።

የቀሃ ዳር
ታኅሣሥ 6፣ ከቀኑ 7፡15

መምህርህ በብርድና በሙቀት መካከል ያስቀመጡት ልዩነት ትክክለኛ ነው፤ «ይሞታል» የሚለውን ቃል ግን ብንተወው ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ኢንዛይም ሕይወት ያለው ነገር አይደለም። ይህ የቃል ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልህ፤ ሳይንቲስቶች ለረጅም ጊዜ የተከራከሩበት ነው። ፓየንና ፐርሶ የተባሉ ፈረንሳውያን እ.ኤ.አ. በ1833 ከገብስ ብቅል ስታርችን ወደ ስኳር የሚለውጥ ነገር ለይተው አውጥተው ነበር፤ ይሁንና ስኳር ወደ አልኮል የሚለወጠው በሕያው እርሾ ውስጥ ብቻ ነው የሚለው እምነት ከዚያ በኋላም ጸንቶ ቆየ። ኤድዋርድ ቡክነር እ.ኤ.አ. በ1897 እርሾን ፈጭቶና ጨምቆ ሕያው ሕዋስ የሌለበትን ጭማቂ ከስኳር ጋር ቢያደርገው መፍላቱን ቀጠለ፤ ለዚህም በ1907 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። እርሾው ሞቷል፤ ኢንዛይሙ ግን ሥራውን ይሠራል።

ኢንዛይም በተወሰነ ቅርጽ የተጣጠፈ ፕሮቲን ነው፤ ሥራውን የሚሠራውም በዚያ ቅርጽ ውስጥ ባለች ትንሽ ጉድጓድ ሲሆን፣ ስታርቹ እዚያ ገብቶ ይቆረጣል። ቅርጹን የያዙት ማሰሪያዎች እያንዳንዳቸው ደካማ ናቸው። ሙቀቱ ሲያይል ማሰሪያዎቹ ይላቀቃሉ፣ የተጣጠፈው ይዘረጋል፣ የተዘረጉትም እርስ በርሳቸው ይተባተባሉ። የተቀቀለ እንቁላል ነጩ በበረዶ ውስጥ ቢቀመጥ ተመልሶ ውሃማ እንደማይሆን ሁሉ፣ የፈላው አሚሌዝም ቢቀዘቅዝ አይመለስም። በብርድ ግን ቅርጹ አይነካም፤ ኢንዛይሙና ስታርቹ ቀስ ብለው ስለሚንቀሳቀሱ የሚገናኙት አልፎ አልፎ ነው፣ ሲገናኙም ለመቁረጥ የሚያበቃ ጉልበት ያላቸው ጥቂቶች ናቸው። በግርድፉ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ፍጥነቱ እጥፍ ያህል ይሆናል፤ ይህ ግን ቅርጹ እስካልተነካ ድረስ ነው። በበረዶ የነበረውን ቱቦ አውጥተህ እጅህ ውስጥ ብትይዘው ሥራውን ሲጀምር ታየዋለህ።

ፒኤች ደግሞ በሌላ መንገድ ይመጣል። በዚያች ጉድጓድ ዙሪያ ያሉት አሚኖ አሲዶች ኤሌክትሪካዊ ሙላት አላቸው፤ አሲድ ወይም ቤዝ ሲበዛ ሙላታቸው ይለወጣል፣ ስታርቹም በሚገባ አይያዝም። በፒኤች መለኪያ አንድ ቁጥር መውረድ የአሲድነት አሥር እጥፍ መጨመር መሆኑን አትርሳ። የምራቅ አሚሌዝ 7 አካባቢ ሲስማማው፣ በጨጓራ ውስጥ ያለው ፔፕሲን 2 አካባቢ ይሠራል፤ ትንሹ አንጀት ውስጥ የሚሠራው ትሪፕሲን ደግሞ ወደ 8 ይጠጋል።

የብቅል ቤት
ታኅሣሥ 7፣ ከምሽቱ 2፡40

ልጆቼ፣ በዚህ መድረክ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። የላቦራቶሪ ሰው አይደለሁም፤ ጠላ ጠምቄ ልጆች ያሳደግሁ የጎንደር ሰው ነኝ። የብቅል ስም ሲነሣ ግን ዝም ማለት አልቻልሁም።

እናቴ ጠላ ስታስተምረኝ ያስጠነቀቀችኝ አንድ ነገር ነበር፦ እንኩሮው ከምጣድ እንደወጣ ብቅልና ጌሾ ካለበት ድፍድፍ ጋር እንዳይቀላቀል። በሰፊው ተበትኖ፣ እጅ ሲገባበት ለብ እስኪል ይጠበቃል። ምክንያቱን አልነገረችኝም፤ እሷም ከእናቷ የወረሰችው ነው። አንድ ዓመት ለገና ስጠምቅ እንግዳ በዝቶብኝ፣ ጊዜው አጥሮብኝ፣ እንኩሮውን ትኩስ እንዳለ ጨመርሁት። ጋኑ በወይራ የታጠነ፣ ብቅሉ የራሴ፣ ጌሾው የተመረጠ ነበር። በአራተኛው ቀን ከፍቼ ስቀምሰው ጣፋጭም መራራም አልሆነም፤ የዱቄት ሾርባ ይመስል ነበር፣ አልፈላምም። ያን ሁሉ እህል ደፋሁት። እስከ ዛሬ ድረስ እጄ ከፍቶ እንደሆነ አድርጌ ነበር የማስበው።

ሌላም ልጠይቅ። ብቅሉን ዘፍዝፈን፣ በቅጠል ሸፍነን ካበቀልነው በኋላ በፀሐይ እናደርቀዋለን እንጂ እንደ አሻሮው በምጣድ አንቆላውም። ይህም ከዚሁ ነገር ጋር ይገናኝ ይሆን?

የቀሃ ዳር
ታኅሣሥ 7፣ ከምሽቱ 4፡20

እትዬ፣ እጅዎ አልከፋም። በቃል የወረሱት ሕግ በዚህ ክር ውስጥ ካነሣነው ሁሉ የበለጠ የተሟላ ነው።

ገብሱ ሲበቅል በውስጡ አሚሌዞች ይበዛሉ። ፀሐይ ውሃውን ብቻ ታወጣለታለች፤ ኢንዛይሙ ደርቆ ይቀመጣል፣ በደረቀበት ሁኔታም ሙቀትን ከእርጥቡ ይልቅ ይችላል። በምጣድ ቢቆላ ግን እንደ አሻሮው ቀለምና ሽታ ይሰጥዎታል እንጂ ስታርች የሚቆርጥ ኢንዛይም አይተርፍበትም። እናትዎ አንዱን በፀሐይ፣ ሌላውን በእሳት ማድረቃቸው ለዚህ ነው፦ የብቅሉ ሥራ መቁረጥ፣ የአሻሮውና የእንኩሮው ሥራ መቆረጥ ነው።

በዚያ ገና የሆነው ሁለት ጉዳት ይመስለኛል። ትኩሱ እንኩሮ የብቅሉን አሚሌዝ ቅርጽ አሳጣው፣ ስለዚህ ስታርቹ ወደ ስኳር አልተለወጠም፤ ጣፋጭ ያልሆነውና እንደ ሾርባ የወፈረው ለዚህ ነው። እርሾውም ከ50 ዲግሪ በላይ ብዙ ስለማይቆይ ሞተ፣ ስለዚህ አልፈላም። ለደባርቁ ወንድማችን እነሆ ምሳሌ፦ በአንዱ ጋን ውስጥ እርሾው ሞተ፣ ኢንዛይሙ ተበላሸ።

የደባርቅ ልጅ
ታኅሣሥ 8፣ ከጠዋቱ 2፡30

አመሰግናለሁ ጋሼ። እትዬ እንዳሉት በእኛ ቤትም ጠላ ይጠመቃል፤ ደባርቅ ብርድ ስለሆነ ጋኑ በብርድ ልብስ ይጠቀለላል። መተማ ያለችው አክስቴ ግን እኛ ጋ የሚፈጀው ቀን ግማሹ እንኳ ሳይሞላ እንደሚደርስላት፣ ፈጥኖም እንደሚኮመጥጥባት ትነግረናለች። አሁን ምክንያቱ ገባኝ።

የመጽሐፍ ወዳጅ
ታኅሣሥ 8፣ ከቀኑ 9፡50

ይቅርታ ይደረግልኝና አንድ ተቃውሞ አለኝ። እኔም አስተማሪ ነኝ። ቢራ ጠማቂዎች ብቅላቸውን 65 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ውሃ ውስጥ እንደሚያቆዩ አውቃለሁ፤ እዚህ ደግሞ ያው የብቅል አሚሌዝ በጋን ውስጥ በቤት ሙቀት፣ 20 ዲግሪ ገደማ፣ ሲሠራ ቆይቶ ጠላ አወጣ ተብሏል፤ መጽሐፉም ስለ ኢንዛይሞች 37 ዲግሪ ይላል። ተማሪዎቻችን ብሔራዊ ፈተና ይጠብቃቸዋል። ሦስት ቁጥር ከምንሰጣቸው አንዱን በደንብ ቢይዙ አይሻልም? ለመሆኑ ከሦስቱ ትክክለኛው ምቹ ሙቀት የትኛው ነው?

የቀሃ ዳር
ታኅሣሥ 8፣ ከምሽቱ 3፡30

የፈተናውን ጭንቀት እረዳለሁ፤ የሰው አካል ኢንዛይሞችን በተመለከተ 37 የሚለውን መልስ ልጆቹ መያዛቸውን አልቃወምም። ነገር ግን «ትክክለኛው የትኛው ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ «ለምን ያህል ጊዜ?» የሚል ሌላ ጥያቄ ነው፤ ይህንን ከተማሪ መደበቅ ተገቢ አይመስለኝም።

ሙቀት በኢንዛይም ላይ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይሠራል፦ ያፋጥነዋል፣ ደግሞም ያበላሸዋል። ማፋጠኑ የሚታየው ወዲያውኑ ነው፤ ማበላሸቱ ግን ደቂቃ ወይም ሰዓት እየጠበቀ የሚጠራቀም ነው። ስለዚህ አንድን ኢንዛይም ለ5 ደቂቃ ብቻ ለክተን ምቹ ሙቀቱን ብንፈልግ ከፍ ያለ ቁጥር እናገኛለን፤ ለመበላሸት በቂ ጊዜ አላገኘምና። ያንኑ ኢንዛይም ሌሊቱን አሳድረን ጠዋት የተቆረጠውን ስታርች ብንለካ ግን አሸናፊው ዝቅ ያለው ሙቀት ይሆናል፤ ሙቅ በሆነው ቱቦ ውስጥ ያለው መጀመሪያ ፈጥኖ ሮጦ፣ ኋላ ቆሟል። ኢንዛይሙ ያው ነው፤ የተለወጠው ሰዓቱ ነው።

ቢራ ጠማቂው ስታርቹን አንድ ሰዓት ያህል በሆነ ጊዜ ውስጥ ወደ ስኳር መለወጥ ይፈልጋል። ከብቅሉ አሚሌዞች አንዱ፣ ቤታ የሚባለው፣ በ65 ዲግሪ ብዙ እንደማይቆይ ያውቃል፤ ቢሆንም በሚቆይባት ጊዜ የሚሠራው ይበቃዋል። እትዬ ግን ቀናት አሏቸው። በ20 ዲግሪ አሚሌዙ ቀስ ብሎ ይሠራል፣ ግን አይበላሽም፤ በዚያው ጋን ውስጥ ያለው እርሾም በሕይወት እያለ የተቆረጠውን ስኳር ወዲያው እየተቀበለ ያፈላዋል። ለእርሳቸው ሥራ 65 ዲግሪ ጥፋት ነው፤ ለቢራ ጠማቂው 20 ዲግሪ የማይታሰብ ነው።

37ም ቢሆን የሰው ኢንዛይሞች ሁሉ ከፍተኛ ፍጥነት የሚያገኙበት ቁጥር አይደለም። ብዙዎቹ ለአጭር ጊዜ ሲለኩ ከ37 ከፍ ባለ ሙቀት የበለጠ ይፈጥናሉ። 37 ሰውነታችን የሚኖርበት ሙቀት ነው፤ ኢንዛይሞቹ በዚያ ለሰዓታትና ለቀናት ጸንተው መሥራት አለባቸው። በሌላ በኩል በአሜሪካ የሎውስቶን ፍል ውሃ ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ የተገኘው ታክ ፖሊመሬዝ የተባለው ኢንዛይም 72 ዲግሪ አካባቢ በደንብ ይሠራል፤ 95 ዲግሪ ላይም ለብዙ ደቂቃዎች ይጸናል። እሱም ፕሮቲን ነው፤ ማሰሪያዎቹ ግን የበዙና የጠበቁ ናቸው።

ነጭ ጋዋን
ታኅሣሥ 9፣ ከጠዋቱ 1፡45

የጊዜው ነገር በእኛም ሥራ በየቀኑ ያጋጥመናል። የተቀዳ ደም ፈሳሹ ከሕዋሳቱ ሳይለይ በክፍል ሙቀት ሲቀመጥ የደም ሕዋሳቱ ኢንዛይሞች ሥራቸውን ስለማያቋርጡ ስኳሩ በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ይቀንሳል፤ ከገጠር ጤና ኬላ ረጅም መንገድ ተጉዞ የሚመጣ ናሙና ላይ ይህ ትንሽ ቁጥር አይደለም። ፍሎራይድ ያለበት ግራጫ ክዳን ቱቦ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ፍሎራይዱ ኢኖሌዝ የተባለውን ኢንዛይም ይገታዋል። ይሁንና ኢኖሌዝ ስኳር በሚሰባበርበት መንገድ መጨረሻ አካባቢ ስለሚገኝ፣ ከእሱ በፊት ያሉት ኢንዛይሞች ለአንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ስኳሩን መቀነሳቸውን አያቆሙም። በረዶ ከተገኘ ናሙናውን ቶሎ ማቀዝቀዝና ቶሎ መለየት ነው የሚሻለው።

የአዘዞ መምህር
ታኅሣሥ 9፣ ከቀኑ 11፡00

ይህን ሁሉ ለተማሪዎቼ በቃል ከመንገር ይልቅ ላሳያቸው ወስኛለሁ። እትዬ ፈቃድዎ ከሆነ ከብቅልዎ አንድ ስኒ ቢሰጡኝ፣ የምራቅንና የብቅልን አሚሌዝ በሦስት ሙቀት ጎን ለጎን ልለካ። ችግሬ 65 ዲግሪ የሚጠብቅ መሣሪያ የለኝም፤ ያለኝ አንድ ቴርሞሜትርና የውሃ ማፍያ ብቻ ነው።

የብቅል ቤት
ታኅሣሥ 9፣ ከምሽቱ 1፡30

ለልጆች ትምህርት ከሆነ አንድ ስኒ ብቻ ለምን፤ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ አንድ ቁና አመጣልዎታለሁ። ትናንት የተፈጨ ነው።

የቀሃ ዳር
ታኅሣሥ 9፣ ከምሽቱ 2፡15

መምህር፣ ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስሌቱን በዚህ ይሥሩት። ሦስት ኩባያ የፈላ ውሃ ከሁለት ኩባያ 20 ዲግሪ ውሃ ጋር ሲቀላቀል 64 ገደማ ይሰጥዎታል፤ አንድ ኩባያ የፈላ ከሦስት ኩባያ ቀዝቃዛ ጋር ደግሞ 38 ገደማ። ሳፋው የራሱን ድርሻ ስለሚወስድ በቴርሞሜትሩ እያዩ ያስተካክሉት። ብቅሉን በቀዝቃዛ ውሃ ግማሽ ሰዓት አቆይተው በነጭ ሻሽ ያጥልሉት። ኢንዛይሞቹን ከስታርቹ ጋር ከማገናኘትዎ በፊት ለየብቻ 10 ደቂቃ በየሙቀታቸው ያቆዩአቸው፤ መበላሸቱ የሚታየው ጊዜ ሲያገኝ ነው።

የአዘዞ መምህር
ታኅሣሥ 17፣ ከቀኑ 10፡40

ዛሬ ሠራነው። በእያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ሳህን፣ በሳህኑ ላይ የአዮዲን ጠብታዎች በተርታ፣ ከጎኑም ምራቅም ብቅልም ያልነካው ማነጻጸሪያ ቱቦ ነበር።

በክፍሉ ሙቀት ሁለቱም ኢንዛይሞች ዘገዩ፤ ምራቁ በ13ኛው፣ ብቅሉ በ26ኛው ደቂቃ ነው ሰማያዊ መስጠት ያቆሙት። በ38 ዲግሪ ምራቁ በ4፣ ብቅሉ በ12 ደቂቃ ጨረሱ። በ64 ዲግሪው ሳፋ ውስጥ ግን መንገዳቸው ተለያየ። የምራቁ ጠብታዎች ከመጀመሪያው እስከ ሃያኛው ድረስ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ሆነው በሳህኑ ዙሪያ ተሰለፉ። የብቅሉ በሁለተኛው ደቂቃ ወደ ወይን ጠጅ፣ በሦስተኛው ወደ ቀይ ቡናማ ሄደና በአምስተኛው የአዮዲኑ ቢጫ ብቻ ቀረ። የምራቁን ቱቦ አውጥተን ወደ 38 ዲግሪው ብናዛውረውም ሰማያዊነቱ አልተለወጠም፤ በበረዶ ውስጥ አቆይተነው የነበረው ሌላው የምራቅ ቱቦ ግን እዚያው ሳፋ ውስጥ በገባ በ6 ደቂቃ ሥራውን ፈጸመ።

የመጀመሪያውን ጥያቄ የጠየቀችው ተማሪ ዛሬ ቴርሞሜትሩን የያዘችው እሷ ነበረች። ደብተሯን ስመለከት ከደቂቃዎቹ ጎን የሳፋውን ሙቀትም በየጊዜው መዝግባ አገኘሁ፤ በ64 የጀመረው ውሃ በሃያኛው ደቂቃ 55 ላይ ደርሶ ነበር። «መምህር፣ ታዲያ የለካነው በ64 ነው ወይስ በ55?» አለችኝ። የብቅሉ ቱቦ በአምስት ደቂቃ ስለጨረሰ ለእሱ ብዙም ለውጥ እንደማያመጣ፣ ለምራቁ ግን ጉዳቱ ገና በመጀመሪያው 10 ደቂቃ ደርሶበት ሊሆን እንደሚችል ነገርኋት፤ እሷ ግን አልረካችም፤ እኔም ሙሉ በሙሉ አልረካሁም።

የቀሃ ዳር
ታኅሣሥ 17፣ ከምሽቱ 2፡00

ልጅቷ ልክ ናት፤ ሙቀቱ እየወረደ የተለካ ውጤት የአንድ ሙቀት ውጤት አይባልም። አፉ ሰፊ የሆነ የምግብ ፔርሙዝ ፈልጉ። ውሃውን በ65 ዲግሪ ሞልታችሁ ቱቦዎቹን በክር አንጠልጥሉና በጨርቅ ሸፍኑት፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚወርደው ጥቂት ይሆናል። ያም ሆኖ በየአምስት ደቂቃው መመዝገቧን እንዳትተው ንገሩልኝ።

የብቅል ቤት
ታኅሣሥ 17፣ ከምሽቱ 2፡25

ፔርሙዙ ከእኔ ቤት አለ። ነገ ጠዋት ልጄ ያመጣላችኋል፤ ብቅሉም ካለቀ ንገሩኝ።